ዚፑ የማይዘጋ ቸርነት

ደግነት እወዳለሁ፤ በተለይ የሌላ ሰው ሲሆን። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማሠሪያ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ እንቅልፍ ካጡት ተመልካቾች አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ የሚሰጥ ሰው ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። እንባዬን ጠርጌ «ኢትዮጵያዊነት ማለት ይህ ነው!» ብዬ አስተያየት እጽፋለሁ። ባንኬ ግን ስለዚያ ሰሞን የሚያስታውሰው ነገር የለም።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ እኔ ቀደም ብዬ አዋህጃቸው ነበር፤ በሦስቱም ቦታ ለተቸገረ ያደረግሁት አንድ ዓይነት ነውና።

ከቡራዩ ልጀምር። ግቢዬ ውስጥ ከኋላ በኩል የማከራያቸው ሰርቪስ ቤቶች አሉ። ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አንዷን ተከራይታ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ በየሰፈሩ አከራዮች ኪራይ ማሩ ሲባል፣ እኔም ማርኩ፤ የአንድ ወር። በሯ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። እኔ ግን ለእሷ ከመንገሬ በፊት ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። የሰማችው ከሥራ ባልደረባዋ ነው። «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ መጣች። ስንት ሰው እንደወደደልኝ እያየሁ ስለነበር ቀና ሳልል «የማረሽ እግዚአብሔር ነው» አልኳት። ወረርሽኙ ረገብ ሲል ኪራይ ጨመርኩ። የማርኩት ብር በስንት ወር ተመልሶ ኪሴ እንደገባ በደንብ አስልቻለሁ። ጭማሪውን ፌስቡክ ላይ አልለጠፍኩትም።

እናትየው ሥራ ስትውል ልጁን የሚይዙላት መንገድ ዳር ጉልት ላይ ሽንኩርትና ጎመን የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። «ስንት ትከፍልዎታለች?» ብዬ ብጠይቃቸው እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። «የልጅ ሆድ ምን ያህል ነው ወንድሜ? ከልጆቼ ጋር ይቆርሳል» አሉኝ። እኚህ ሴት የአካባቢው ኦሮሞ ናቸው፤ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ከሚታይበት፣ ስምና ውርስ ከሚካፈልበት ባህል የወጡ። እኔም በጉዲፈቻ ጉዳይ ድርሻ አለኝ። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆችን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች መስጠት የሚከለክለውን ሕግ ሲያጸድቅ፣ ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። «ልጆቻችንን ራሳችን እናሳድጋለን!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት «የትኛውን ክፍል ላዘጋጅ?» አለችኝ። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበረ ጊዜ፣ ሕዝቡ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና ምግብ ተሸክሞ ጎረፈ። መሥሪያ ቤታችንም ልብስ ሰበሰበ። እኔ ያመጣሁት፦ የሠርጌን ኮት (ሱሪው የት እንደገባ አይታወቅም)፣ ሁለት ከረባትና ዚፑ የማይዘጋ ሱሪ። ልብስ የምትለየው ወጣት ሱሪውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና «ጋሼ፣ ይሄ ዚፕ እኮ አይሠራም» አለችኝ። «ኮቱ ረጅም ነው፣ ይሸፍነዋል» አልኳት። ሕፃን ታቅፋ መማሪያ ክፍል ወለል ላይ የምታድር እናት ከረባቱን ምን ልታደርገው እንደምትችል ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ያን ቀን ደስ ያለኝ ቁም ሣጥኔ ስለሰፋልኝ ነው።

ሰበታ ደግሞ ልደቴን ከወላጅ አልባ ሕፃናት ጋር ላከብር ሄድኩ። የተወለድኩት መጋቢት ውስጥ ነው፤ ያዘዝኩት ኬክ ባለ ክሬም፣ ወቅቱም ዐቢይ ጾም። የቤቱ ኃላፊ «እግዜር ይስጥልን፣ ትንንሾቹ ይበሉታል፤ ትልልቆቹ ጾም ይዘዋል» አሉኝ በትሕትና። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ግን ፎቶ አንሺው «ቁረስና ጉረስ» ሲለኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ትልልቆቹ ልጆች ቆመው ሲያዩኝ ጎረስኩ። እዚያው ሰበታ ብዙ ዓመት ያስቆጠረ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አለ። ዓይነ ሥውር ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነብላቸው በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፤ ይህ ሥራ ብርም ኬክም አይጠይቅም። ለአንዳቸውም አንዲት ገጽ አንብቤ አላውቅም፤ ፎቶ ላይ ንባብ አይታይማ!

ሱሉልታ የምወጣው ለአየሩና ለጥብሱ ነው። የታሸገ ውኃ ፋብሪካ በበዛበት በዚያ ከተማ ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱ ልጆች ሳይ የመኪናዬን መስታወት ዝቅ አድርጌ ከልቤ አዝናለሁ። ከዚያ እዘጋዋለሁ፤ ሱሉልታ ይበርዳል።

መንገዱን ይዛችሁ ሽቅብ ብትቀጥሉ ሰላሌ ትደርሳላችሁ፤ የአበበች ጎበና አገር። እሳቸው በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄደው ረሃብ የጣለውን ሰው አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፈሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው አልተቀበሉትም፤ እሳቸው ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ እናቴ ብሎ የሚያለቅስላቸው ሰው ብዙ ነበር። እኔም ግሸን ወጥቻለሁ። ይዤ የተመለስኩት ጸበልና ፎቶ ነው፤ ጸበሉንም ለማንም አላካፈልኩም።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ልብስ የሚሰበስቡ ወጣቶች በራችሁን ያንኳኩ ይሆናል። ከመስጠታችሁ በፊት ዚፑን ሞክሩት። ሰርቪስ ቤት የምታከራዩ ደግሞ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ልጅ ደብተርና ጫማ እንዳለው ጳጉሜን ላይ እናቱን ጠይቁልኝ፤ ስልካችሁን ቤት ትታችሁ።