ጓጉንቸሩ ይባረክ

የጎንደር ወላጅ ሆይ፣ እልል በል! ልጅህን ከኢንተርኔት ፈተና የሚያድን ደንብ ወጥቶልሃል። ርዕሱ «የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ» ነው፤ ገጹ ብዙ፣ ማኅተሙ ሰፊ፣ ቋንቋው ጥብቅ። የየትኛው መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ነው ብለህ አትድከም። የአንድ ቤት አይደለም፤ ከቁስቋም ኮረብታ ግርጌ እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ካለው ልማድ ለቃቅሜ የሰፋሁት ነው። ለብሶት ልክ የሆነው ቤት ካለ ጥፋቱ የሰፊው አይደለም።

ደንቡ በስመ አብ ይጀምራል። መልካም፤ ሥራ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀመረው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሁሉም «ክልክል ነው» ነው። ቲክቶክ ክልክል፣ ፌስቡክ ክልክል፣ ቴሌግራም ክልክል፣ ጌም ክልክል፣ ፍላሽ መሰካት ክልክል፣ ያለ ፈቃድ ማብራት ክልክል፣ ያለ ፈቃድ ማጥፋትም ክልክል። የሚፈቀደውን ፍለጋ እስከ መጨረሻው ገጽ ወረድኩ። አንድ ተገኘ፦ «ተማሪው ኮምፒውተሩን ለትምህርት ዓላማ ብቻ ይጠቀማል»። ዓላማው ምን እንደሆነ ደንቡ ዝም ብሏል። ሁሉን ከተናገሩማ ለሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይተርፋል?

አንቀጽ ስምንት ላይ ስደርስ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። «በበረዶ መከመር ምክንያት ትምህርት በሚቋረጥበት ቀን ተማሪው ከቤቱ ሆኖ በመስመር ላይ ይከታተላል» ይላል። በበረዶ መከመር! ኮሚቴው ወይ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ነው ያረቀቀው፣ ወይ የአንድ አሜሪካዊ ትምህርት ቤት ደንብ አውርዶ በማሽን አስተርጉሞታል። አንቀጽ አሥራ ሁለት የሰው ሥራ ከኢንተርኔት መገልበጥን በጥብቅ ይከለክላልና ኮሚቴው በሁለተኛው መንገድ ሄዶ ከሆነ ልንወቅሰው አይገባም። ለልጆች ከመከልከሉ በፊት ጉዳቱን በራሱ ላይ ሞክሮ ማየቱ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በሩ ብረት ነው፤ ጓጉንቸሩ የባንክ ካዝና ቢዘጉበት አያሳፍርም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ነው። ቀን ቀንቶህ ከተከፈተልህ ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ። ኮምፒውተሮቹ በሰልፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል፤ የዳር ዳሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። ኪቦርዱ ከነላስቲኩ ነው፤ ያለ ላስቲክ አቧራ ይገባበታላ! ለጋሽ የሆነ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይገፈፋል፣ ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን አስተካክለው በየወንበሩ ይቀመጣሉ፣ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ፎቶውን አተኩሮ ያየ ሰው ስክሪኑ ሁሉ ጥቁር እንደሆነ ያስተውላል። ያን ዕለት መብራት አልነበረም።

ያ ፎቶ የት ይውላል? ክልክል በተባለው ፌስቡክ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ገጽ። የልጆቹ ፊት፣ ስም፣ ክፍልና ደረጃ ደግሞ ክልክል በተባለው ቴሌግራም ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ቻናል ይለቀቃል፤ ማን አንደኛ እንደወጣ፣ ማን እንደወደቀ ከተማው ሁሉ እንዲያውቅ። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ የልጅ ስምና መልክም የግል ዳታ ነው። ግን አዋጁን ማንበብ የተማሪ ግዴታ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም። ደንቡ ወደ ታች ብቻ ነው የሚፈስሰው፤ እንደ ውሃ ሽቅብ አይወጣም።

ከዚያ ፊርማው ይከተላል። ጉልት ውላ የመጣች እናት በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እማማ።»

«ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ልጅዎ ቪፒኤን ቢጠቀም ኃላፊነቱን እርስዎ ይወስዳሉ ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«እኔም አላውቀውም፤ ብቻ ይፈርሙ።»

እናት ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ከጎኗ የቆመው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ቪፒኤንን አሳምሮ ያውቀዋል። ማን አስተማረው? የካቲት 2015 ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ጉዳይ አገር በተናወጠ ጊዜ፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለወራት ታገዱ። ያኔ ስብከቱንም መግለጫውንም ለማግኘት ታላላቆቹ ሁሉ ቪፒኤን ይጭኑ ነበር፤ ስልኩን እየተቀበለ የጫነላቸው ደግሞ ይኸው ልጅ ነው። ያን ጊዜ «ተባረክ፣ እደግ» ተባለ። አሁን ዋስ ጥራ ተባለ።

የኮሚቴው ደንብ ግን ከአንድ ነገር ጋር ሲወዳደር እንኳ ለዘብተኛ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። እንደ ኮሚቴው ሒሳብ ከሆነ ያ ዘመን የንጽሕና ዘመን መሆን ነበረበት፤ ዳታ ከሌለ ኃጢአት ከየት ይመጣል? የሆነው ሌላ ነው። ተማሪው ማስታወሻውንም፣ የቆየውን የፈተና ወረቀትም፣ ቪዲዮውንም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። ከማስታወሻው ጋር ምን ምን አብሮ እንደተላለፈ አንድም መምህር አላየም። መዝጋት ነገሩን አላጠፋውም፤ ከመምህሩ ዓይን ብቻ ሰወረው።

ይህ ደንብ ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ ያስቆጫል። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ኮሚቴው ቢኖር ኖሮ ስንት ጥፋት በቀረ! እኚያ ሴት ደብሩን ከነቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ አቁመው፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው፣ መጻሕፍቱን አስጽፈው፣ ቀለምና ብዕሩን ለጸሐፊ ሁሉ ክፍት አድርገው ተዉት። ፍልተር የለ፣ ፓስወርድ የለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ፤ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን አከመ፣ እቴጌዪቱም አቀረቡት። ሲመለስ ከአገራችን ብራናዎች ይዞ ሄደ። ከእነዚያ መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አውሮፓ ለብዙ ዘመን ያጣችውን ሙሉ መጽሐፍ ያገኘችው በዚያ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ። በአንቀጽ አሥራ አራት ሲታይ ሰውየው ያለ ፈቃድ አውርዷል፣ በፍላሽ አስወጥቷል፣ ለሦስተኛ ወገን አሳልፏል። ከትምህርት ገበታ ሁለት ሳምንት መታገድ ነበረበት።

ሄኖክን ካነሣን ዘንዳ ኮሚቴውን የሚያስደስት ነገር ልንገር። መጽሐፉ የሰውን ልጅ ካሳቱት የወደቁ መላእክት መካከል አንዱን ለይቶ ይከሳል። ክሱ ጦር ወይም መርዝ አይደለም፤ ሰውን በቀለምና በወረቀት መጻፍ አስተማረ፣ በዚህም ብዙዎች ሳቱ የሚል ነው። እነሆ ለጓጉንቸር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከወዴት ይገኛል? ከቀኖናው መጽሐፍ ውስጥ፣ በግልጽ! አባቶች ይህን አንብበው ምን አደረጉ? ከሰልና ጥላሸት በጥብጠው ቀለም አወጡ፣ መቃ ቀረጹ፣ የፍየል ሌጦ ፍቀው ብራና አዘጋጁ፣ ከዚያም ቀለምን የሚከስሰውን መጽሐፍ በቀለም ጻፉት። ገልብጠውም ለልጅ ልጅ አወረሱት። ዓለም ላይ ጠፍቶ የተገኘውም በእነሱ እጅ ነው።

አደጋውን አላወቁም ነበር እንዳትል። በዚያው ቀለም ድጓ ይጻፋል፣ በዚያው ቀለም የአስማት ክታብ ይጻፋል፤ አንዳንዴም ጸሐፊው አንድ ሰው ነው። ቀለሙን ግን አልቆለፉም። የኔታን ከተማሪው አጠገብ አስቀመጡ። ልጁ ፊደል ሲቆጥር፣ ዳዊት ሲደግም፣ ዜማ ሲቀጽል ስሕተቱን የሚሰማ ጆሮ ከጎኑ አለ። ቅኔ ቤት ሲገባ የትናንቱን ቅኔ ወይም የጓደኛውን ይዞ ቢመጣ አፍሮ ይመለሳል፤ በየዕለቱ አዲስ ይጠበቅበታል። ያ ቤት የቻት ጂፒቲን ችግር ቻት ጂፒቲ ሳይፈጠር ፈትቶታል። ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ደግሞ ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ብቻ ይዞ መውጣት የለም፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ ይመዝናል። ጎንደር «ላይ ቤት»ና «ታች ቤት» ብላ በትርጓሜ ለሁለት የተከፈለች፣ ክርክርን ያልፈራች ከተማ ናት። የዚያች ከተማ ልጅ ዛሬ ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣለትን መልስ ገልብጦ ይሄዳል፤ «አንድምስ?» የሚለው የለም። ደንቡ ውስጥም ይህ ጥያቄ የለም።

ቁልፍ ያድናል የሚል ካለ ወንጪን ይጠይቅ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ አስረከበ፤ መምህርም መመሪያም አልሰጠም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ኋላ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ ማብሪያውን ያገኘው በአራት ደቂቃ ነው። በወራት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ በአዋቂዎቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የባለሙያ ቁልፍ ከፈታ፣ የኛ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የኮሚቴውን ዋይፋይ ፓስወርድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ለዚያውም ፓስወርዱ የትምህርት ቤቱ ስም ከነአንድ ሁለት ሦስት ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ያው ልጁ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያ ዓመት ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 5.4 በመቶው ብቻ ነው። የወደቁት በማውስ ምክንያት ነው አልልም፤ ችግሩ ብዙ ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ ዳንቴል ሲያይ የኖረ ልጅ፣ ሰዓት በሚቆጥር ስክሪን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ «ተረጋጋ፣ ጸልይ» ማለት ብቻ አይበቃም። የእግዚአብሔርን ስም ለጓጉንቸር ዋስ አታድርጉ።

ፈተናው እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ወላጅ የለም። የወሲብ ፊልሙ አለ፣ በስልክ የሚቆመረው የኳስ ውርርድ አለ፣ አባብሎ ፎቶ አስልኮ ኋላ የሚያስፈራራው አለ፣ ዘር እየጠራ የሚሳደበው አለ። ይህ ሁሉ ግን ልጁን የሚያገኘው ማታ ነው፤ በአባቱ ስልክ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ። የትምህርት ቤቱ ጓጉንቸር እዚያ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ቀን ላይ አጠገቡ ተቀምጦ የነገረው ሰው ድምፅ ብቻ ነው፣ ያ ሰው ካለ።

ስለዚህ እኔም ልፈርም ዝግጁ ነኝ፤ አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ፦ «ይህን ደንብ ያረቀቁ፣ ያጸደቁና ያተሙ ሁሉ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከተማሪው ጎን ይቀመጣሉ። አንድ የሐሰት ዜና አብረውት ይፈትሻሉ። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ አፈላልገው የትኛው ምን ምስክር እንዳለው ይከራከራሉ። ነውር ነገር ድንገት ቢገጥመው ለማን እንደሚናገር፣ ሲናገርም እንደማይገረፍ ይነግሩታል። ያላወቁትን ከልጁ ይማራሉ።»

ኮሚቴው ምን እንደሚል ከወዲሁ አውቃለሁ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጀት ያስፈልገዋል፣ ለቀጣዩ ስብሰባ ይደር። ይደር። ቲክቶክ ግን በጀት አይጠይቅም፣ ቃለ ጉባኤ አይዝም፣ የወላጅ ፊርማም አይፈልግም። እሱ ማስተማሩን ጀምሯል።