ባሕር ዳር በአንድ ሰዓት? ምነው ሸዋ!

የዛሬ ሰው «ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ» ሲለኝ ፊቱን አየዋለሁ፤ አቧራ የለበት፣ ድካም የለበት። ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ ረፋዱ ላይ ጣና ዳር ቡና ያዝዛል። እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ በእኛ ጊዜ በአንድ ሰዓት እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ መድረስም ጉብዝና ነበር!

ርቀቱ ራሱ ተበላሽቷል። በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አገር በአይሮፕላን 320 አካባቢ ነው ይሉኛል። የቀረውን ማን ወሰደው? ልጄ «አባባ፣ አይሮፕላን ቀጥ ብሎ ነው የሚበረው፤ መኪናው ግን በአባይ በረሃ ተጠማዞ ወርዶ ተጠማዞ ይወጣል» አለኝ። ታዲያ ደስታው እዚያ መጠማዘዙ ላይ አልነበረም እንዴ?

ድሮ ሌሊት ተነስቶ መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ነው። ዳቦ ቆሎው በከረጢት፣ ዶሮው በአገልግል። ጫንጮ ላይ ጎረቤትህ ስሙን ይነግርሃል፤ ፍቼ ላይ የዘር ሐረጉን ይቆጥርልሃል፤ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ልጁን ለልጅህ ጠይቀሃል። ከዚያ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ። ፍሬኑ ሲሸት አውቶቡሱ በሙሉ ያማትባል። እንዲህ ያለ ጸሎት ዛሬ የት አለ? ማታ ደብረ ማርቆስ አዳር። ቁንጫው? እሱም እንግዳ ተቀባይ ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎችማ ይበልጥ ደልቷቸው ኖሯል፤ ክረምት አባይ ሲሞላ መሻገር የለም፣ ወራቱን ማረፍ ነው። ሽፍታውም ጨዋ ነበር፤ ገፎህ ሲያበቃ «በሰላም ግባ» ይልሃል።

አይሮፕላኑም ቢሆን ያኔ ለዛ ነበረው። በ1938 ዓ.ም. አገራችን መንገደኛ ማመላለስ የጀመሩት ዳኮታዎች ወንበራቸው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ጭነቱ መሀል፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ። አሁን የሰው ማጅራት እያዩ መብረር! ለዚያች ለአንድ ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ቀበቶህን ፍታ፤ እኔ ሽማግሌው ሱሪዬን በእጄ ይዤ በልጅ ልጆቼ እኩያ ፊት ቆምኩ። አጠገቤ ለተቀመጠው ጎልማሳ «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖታል። የአገሩን ስም እንኳ ሳልጠይቀው አረፍን። አባይም፣ ያ ያማተብንበት አባይ፣ ከታች እንደ ክር ታይቶ አለፈ።

ባለፈው ደግሞ ደመና ነው ብለው 20 ደቂቃ አስጠበቁን። 20 ደቂቃ ሙሉ! የሰው ጊዜ እንዲህ መጫወቻ ይሁን? ተነስቼ ተቆጣሁ፤ ደግ አደረግሁ።

«ታዲያ በመኪና አትሄድም?» ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ ወገብ ጋር? አብዳችኋል። ይልቅ ለጥምቀት ትኬቱ ሳያልቅ፣ ከእናንተ መካከል በስልክ መቁረጥ የሚያውቅ ካለ ይቁረጥልኝ፤ የማለዳውን፣ በመስኮት በኩል።