ሒሳቡን ለረዳቱ፣ ታርጋውን ለቢሮው

«ማዘር፣ ዛሬ ታሪፉ ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ምነው ልጄ፣ መሰላል ሰጣችሁት?»

«ዝናብ ዘነበ እኮ!»

«እሱንም ከዱባይ ነው የምታስመጡት?»

«ነዳጅም ጨምሯል...»

«ጠዋት ይዘኸኝ ስትመጣ በጸበል ነበር የምትሄዱት?»

ታክሲው በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ሳቀ። ረዳቱ ራሱ እስከ መንጋጋው ድረስ ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጭማሪውን ከእናታችን ጀምሮ እስከ ጋቢና ለቀመና በሩን ድርግም አደረገው። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ በተረብ ተሸንፎ አያውቅም፤ በሒሳብ ደግሞ አሸንፎ አያውቅም።

ይህ ዓምድ እንጀራውን የሚበላው በተረብ ነውና በገዛ ሙያዬ ላይ መመስከር ይከብደኛል። ግን ረዳቶቻችን ተረባችንን የሚወዱት ለጨዋታው ብቻ አይመስለኝም። የሳቀ ተሳፋሪ አቤት አይልም። 10 ብር ወስደው አንድ ጥሩ ቀልድ ያስለቅቁናል፤ እኛም ቀልዱን ቤት ወስደን ራት ላይ እንተርከዋለን። «ልክ ልኩን ነገርኩት!» ትላለህ። አዎ ነገርከው፤ ከፈልከውም።

ጭማሪ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የዚህ ሙያ ሊቀ ጠበብት ማቆራረጥ ነው። መገናኛ ቆመህ አያት ልትሄድ ነው። ታፔላው «አያት» ይላል፤ ረዳቱ «ሲኤምሲ ብቻ! ሲኤምሲ ብቻ!» ይላል።

«አያትስ?»

«አያት የለም።»

«ሳትሞት ነው እንዴ የምትቀብሯት?»

ሲኤምሲ ትደርሳለህ። ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ ያው የተቀደደ ወንበር። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አያት! አያት! የሞላ!» ይላል። አያት ከሙታን ተነሥታለች፤ አንተ ደግሞ ከወንበርህ ሳትነሣ ሁለተኛ ሒሳብ ትጠየቃለህ። ታሪፍ የሚሰላው በርቀት እርከን ነውና የሁለት አጭር መንገድ ሒሳብ ሲደመር ከአንድ ረጅም መንገድ ሒሳብ ይበልጣል። ረዳቱ «ከታሪፍ በላይ አልተቀበልኩም» ብሎ ቢምል መሐላው አይዘውም፤ ግማሹም በታሪፉ ነው፣ ሌላውም ግማሽ በታሪፉ ነው። ከሜክሲኮ ጀሞ የሚሄዱትም ሳር ቤት ላይ ይህንኑ ቅዳሴ ያውቁታል። እኔ ከጭማሪ ይልቅ ይሄኛው ያናድደኛል፤ ጨማሪው ቢያንስ ዓይኔን እያየ ነው የሚወስደው። ታፔላ ደግሞ የተሰጠው መስመሩን እስከ ጫፍ እንዲሄዱበት ነው፤ መንገድ መቁረጥ ሒሳብ ሳይጨመርበት በራሱ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው።

አሁን ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ነው። «አንተ በብዕር ትነዳለህ፣ እኔ በናፍጣ» ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ ሲቀር፣ ሚኒባሱ ከተደጎሙት ወገን ነበር፤ ድጎማው ግን እየሳሳ ሄዷል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ሲወሰን የጎማና የመለዋወጫው ዋጋ ማንን እንደሰማ ሁላችንም አይተናል። ባለንብረቱ የቀን ገቢውን ይጠብቃል፤ ተራ አስከባሪው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ትራፊኩም የሚጠብቀውን ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። ብቻ ታሪፍ የሚያወጣው መንግሥት እንጂ የበር እጀታ የያዘ ልጅ አይደለም።

«ታዲያ ለመንግሥት ብንናገር ማን ይሰማናል?»

ወንድሜ፣ አንተ ይሄን አትበል! አቤቱታ ማሰማት የተማርነው ከናንተ አይደል? የካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ድንገት ሲሰቀል የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቁመው ከተማዋን በእግሯ አስኬዷት። ብዙ ሳይቆይ የጃንሆይ መንግሥት ዋጋውን ቀነሰ። ያኔ አድማው የነሱ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩም ነበረ፣ ተማሪውም ነበረ፣ ወታደሩም መጣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ራሱ ወራጅ አለ። የነዳጅ ጭማሪ ሲመጣበት «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሙያ፣ ተሳፋሪ «ለምን?» ሲለው «ካልተመቸህ ውረድ» ይላል። ምርጡ የአቤቱታ መምህራችን መሪውን ይዞ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፤ እኛ ደግሞ ማጅራቱን እያየን ዝም።

ስለ መልስ ሳልናገር ባልፍ ረዳቶቹም ይታዘቡኛል። «ዝርዝር የለም» ይላሉ።

«ከኛ የተቀበልከው ሁሉ ዝርዝር ነበር፤ ኪስህ ሲገባ ተጋብቶ ነው መቶ የሆነው?»

ከመስከረም 2013 ወዲህ ባለ 200 ብር ኖት አለና ይሄ ነገር ብሷል። ጠዋት 200 የያዘ ሰው ታክሲ ላይ እንደ ተጠርጣሪ ነው የሚታየው። መፍትሔውም ተገኝቷል፤ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ድፍን ብር ሰጥቶ «ተካፈሉ» ማለት።

«አንተ ልጅ፣ ስታጋባን ቄስ ትሆናለህ፤ ስንፋታ ግን ንብረቱ የት እንደገባ አይታወቅም።»

ደግሞ የሚገርመው፣ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ነው። ማደያ ላይ እስከ ሳንቲሟ በቴሌብር የሚከፍል መኪና፣ ተሳፋሪ 5 ብር ሲጠይቀው ቴክኖሎጂ አልደረሰውም።

ላዳን በአጭሩ ልለፈው። ላዳ ቆጣሪ የለውም፤ ቆጣሪው አንተው ነህ። «ቦሌ ስንት?» ብለህ ሲነግርህ «መኪናዋን ይዤ ልቀር ነው ወይስ ትመልሰኛለህ?» ብለህ ተከራከር፤ ከተስማማህ በኋላ ግን አታልቅስ፣ ቃል ቃል ነው። ቃሉን መንገድ ላይ የለወጠው እሱ ከሆነ ያኔ ጥፋተኛው እሱ ነው። በስልክ የሚጠራውም ያው ነው፤ ዋጋው ስክሪኑ ላይ ተጽፎ እያለ «ሌላ ትንሽ አስቢልኝ እንጂ እህቴ» የሚለውን፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ለላከው ድርጅት መመለስ ነው።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ፣ ሚኒባስ ደረሰኝ አይቆርጥም። የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቢጠፋብህ ኪስህ ውስጥ ትፈልገዋለህ፤ የሚኒባስ ማስረጃ ግን አፍህና ዓይንህ ነው። ተርሚናል ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ወይም ትራፊክ ጋ ሄዶ የሚከሰውን የኛን ሰው ስማልኝ።

«ከታሪፍ በላይ አስከፈሉኝ!»

«ታርጋው ስንት ነው?»

«ሰማያዊ ነበር።»

«ሁሉም ሰማያዊ ነው። ሌላስ ምልክት?»

«ነጭም ነበረበት።»

«ከየት ወዴት? በስንት ሰዓት?»

«እሱን ተወው፣ ረዳቱ ግን ዓይኑ የሌባ ነበር!»

በሌባ ዓይን ማን ይከሰሳል? አቤት የምትል ከሆነ ኮድ 1 የሚለውን ቀይ ታርጋ ቁጥሩን ሳትሳፈር በፊት እየው፤ ከወረድክ በኋላማ ጭሱን ነው የምታየው። ታፔላው የት እንደሚል፣ የተሳፈርክበትን፣ የወረድክበትን፣ ሰዓቱን፣ ታሪፉ ስንት ሆኖ ስንት እንደተቀበለህ ያዝ። ተርሚናሉ ላይ ሰሚ ከጠፋ በየክፍለ ከተማው የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከዚያም በላይ የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ አለ። አጠገብህ የተቀመጠውንም ሰው ስልክ ጠይቀው፤ አብሮህ የሳቀ ሰው አብሮህ ለመመስከር ሲያፍር ካየኸው እሱን ደግሞ በተረብ አቅምሰው። እኔ እስከማየው ረዳት የሚደነግጠው በምላስ ሳይሆን በብዛት ነው። ከኋላ ወንበር አራት ሰው «በታሪፉ!» ብሎ ትክክለኛውን ሒሳብ አንድ ላይ ሲያቀብል፣ ያ ሁሉ ዝናብና ነዳጅ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ስልካቸውን አውጥተው ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ግን ተረቡም አቤቱታውም አንድ ላይ አለ።

«ፋዘር፣ ምን እያነሱ ነው?»

«ታርጋህን። ቀይ ያምርብሃል።»

«ለምን ብለው?»

«አንተ ሒሳብ ጨመርክ፣ እኔ አንባቢ ልጨምርልህ ብዬ ነዋ!»

«ኧረ ፋዘር፣ ስጫወት እኮ ነው!»

«ተጫወት ልጄ፤ በታሪፉ ተጫወት።»