የጎደለ እግር ዘንድሮም ጎድሎ መገኘቱን ስለማረጋገጥ የወጣ አዋጅ

መግቢያ

አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን በከተማ አውቶቡስ በግማሽ ሂሳብ እንዲሳፈሩ ማድረግ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ፤

ሆኖም የአውቶቡስ ግማሽ ሂሳብ ለማትረፍ ሲል እግሩን የሚያስቆርጥ ሰው አይጠፋም ተብሎ በመጠርጠሩ፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ የደነገገ በመሆኑ፣ ከአገሪቱ አቅም በፊት ደግሞ የአመልካቹን አቅም ሦስት ፎቅ በማስወጣት መፈተን በማስፈለጉ፤

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች በመሆኑ፣ ኮንቬንሽኑም በአንቀጽ 20 አካል ጉዳተኛ በመረጠው ጊዜና በሚችለው ዋጋ ይንቀሳቀስ ስለሚል፣ የመረጠው ጊዜ ግን ከሠራተኛው የሻይ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ መጠንቀቅ ተገቢ በመሆኑ፤

መስኮት ቁጥር 4 የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የእግር እድሳት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«አመልካች» ማለት በክራንች፣ በዊልቸር ወይም በሰው ትከሻ የመጣ ማንኛውም ሰው ነው። «ማስረጃ» ማለት አመልካቹ ይዞት ያልመጣው ወረቀት ነው። «ነገ» ማለት ነገ ማለት አይደለም።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አንቀጽ 4ን ይመልከቱ።

አንቀጽ 4፦ ስለ እግር

1) እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ማንኛውም ሰው፣ እግሩ ዘንድሮም እንደተቆረጠ መሆኑን የሚገልጽ፣ ክብ ማህተምና ቲተር ያረፈበት፣ ከተጻፈ ሦስት ወር ያልሞላው የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያቀርባል። የአምና ማስረጃ የሚያስረዳው የአምናውን እግር ብቻ ነው።

2) በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ አመልካቹ የተቆረጠውን እግር ራሱን ይዞ የቀረበ እንደሆነ የቦርድ ማስረጃ ከማቅረብ ነፃ ይሆናል። ሲቀርብ ግን ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ነው።

3) እግሩ የተቀበረ እንደሆነ፦

ሀ) እግሩ ከተቀበረበት ደብር ሰበካ ጉባኤ፣ ከመቃብሩ አለመነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣል። በመጨረሻው ቀን እንደሚነሣ መስኮቱም ያምናል፤ የሚፈለገው የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ፣ እስከ ሰኔ 30 ድረስ፣ ያልተነሣ ስለመሆኑ ነው።

ለ) እድሩ ድንኳን ተክሎ እንደሆነ ደረሰኙን፣ ያልተከለ እንደሆነ ያልተከለበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ ያቀርባል።

ሐ) በቀብሩ የተገኙና አመልካቹን በሁለት እግሩ ሲሄድ የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይቀርባሉ። ምስክሮቹ ዘመድ መሆን የለባቸውም። ለእግር ቀብር ባዳ የሚመጣበት አገር ካለ ማለት ነው።

4) እግሩን ጦር ሜዳ የተወ ሰው፣ ጦር ሜዳው ከሚገኝበት ወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል። ወረዳው የማን እንደሆነ ክርክር ካለበት፣ ክርክሩ እስኪፈታ ሙሉ ሂሳብ እየከፈለ ይጠብቃል።

5) አመልካቹ ከደረት በላይ የሚያሳዩ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ የሚታዩባቸው ጉርድ ፎቶግራፎች ያቀርባል። በፎቶግራፉ ላይ እግር አለመታየቱን ለጉዳቱ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ክልክል ነው።

6) ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ የቀረበ ሲራመድ በመታየቱ ጤነኛ ነው። ሳያደርግ የቀረበ ሦስተኛ ፎቅ መድረስ በመቻሉ ጤነኛ ነው። ሳይቀርብ የቀረ ፋይሉ ይዘጋል።

7) በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው የታዘዘ በመሆኑ፣ ይህም ሕንፃ ራምፕ አለው። ራምፑ ላይ የኃላፊው መኪና ትቆማለች። ይህን ንዑስ አንቀጽ አዋጁ አልፈጠረውም፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

8) አመልካቹ እግሩ አለመኖሩን ሠራተኛዋ በዓይኗ ያየችው ቢሆንም፣ ዓይኗ ፕሮቶኮል ቁጥር ስለሌለው ያየችው እንዳልታየ ይቆጠራል።

ስለዚህች ንዑስ አንቀጽ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አመልካች ማለት እኔ ነኝ። ክራንቼን ግድግዳ ላይ አስደግፌ መስኮቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ብድግ ብላ፣ አንገቷን አስግጋ፣ የታጠፈውን የሱሪዬን ጫፍ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአምና ነው» አለችኝ።

«እግሩም የአምና ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ስቃ ስትጨርስ «አሳድሰው ይምጡ» አለችኝ።

እኔም ሳቄ ነበር የቀደመኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ አዋጅ እስከ መጨረሻው ቀልድ ይሆን ነበር። ግን ከኔ ቀጥላ የነበረችው ሴት ልጇን አዝላ ነው የመጣችው። ልጁ ሕፃን አይደለም፤ እግሮቹ ከነጠላው ወርደው ጉልበቷ ጋ ይንጠለጠላሉ። «ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ» ተባለች። ፊቱን እንዲያዩት ዞራ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። «እሺ፣ እሱ ይፈርም» አሏት። ልጁ እስክሪብቶ መያዝ ቢችል፣ ራሱን ቀና አድርጎ መቀመጥ ቢችል፣ ይህች ሴት ምን ልታደርግ እዚህ ትመጣ ነበር? ማን ነው ያን ሁሉ ደረጃ በጀርባዋ ያሸከማት? ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወርዶ ሊያናግራት እግሩ ታሞ ነው? ታሞ ከሆነ እናንተም ማስረጃ አምጡ!

ወደ አዋጁ እንመለስ።

9) በንዑስ አንቀጽ 8 የተመለከተው ማብራሪያ የአዋጁ አካል አይደለም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሌሎች ጉዳቶች

መስማት የተሳነው ሰው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ካላለ ተራው ያልፈዋል፤ ካለ ደግሞ ይሰማል ማለት ነው። ማየት የተሳነው ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቦ ማንበቡን በፊርማው ያረጋግጣል። ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ ሰው እንዲታይ አድርጎ ይመለሳል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ታሪፍ

ግማሽ ነው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ሚኒባስ ታክሲ

ይህ አዋጅ ታክሲን አይመለከትም። ዊልቸር የሰው ሂሳብ ይከፈልበታል። ታክሲው ከቆመ።

አንቀጽ 8፦ ስለ ወጪ

ለማሳደሻ የሚወጣው የራይድ፣ የፎቶ፣ የኮፒና የሐኪም ቤት ካርድ ወጪ የግማሽ ሂሳቡ መታወቂያ በዓመት ከሚያስቀረው ገንዘብ መብለጡን አስልቶ የደረሰበት አመልካች፣ ይህን ያህል ማስላት ከቻለ ሠርቶ ሙሉ ሂሳብ መክፈል አያቅተውም።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

ጤነኛ እግሩን አጥፎ በመቀመጥ ግማሽ ሂሳብ የከፈለ ሰው ቀሪውን ግማሽ ይከፍላል። ወረቀቱ የአምና ነው ተብሎ ሙሉ ሂሳብ ሲከፍል የከረመ አመልካች ግን ተመላሽ አይጠይቅም። ምክንያት አይጠይቅም። ድምፁን ከፍ ካደረገ ጥበቃ ይጠራል።

አንቀጽ 10፦ ስለ ቅሬታ

አራተኛ ፎቅ።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ኃላፊው ከስብሰባ ተመልሰው ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው አመልካቾች ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ወንበር የለም።