ለሁለት አውራ አንድ ጓሮ

ቦንጋ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው ጠላቱ ብዙ ነው። ከላይ ጭልፊት፣ ከታች ሸለምጥማጥ፣ ከጎን የጎረቤት ውሻ፤ ዓመት በዓል ሲቃረብ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ። ከተማችን ደን ያቀፋት ናትና አውሬው ሩቅ አገር አይደለም። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ከተመዘገበ ወዲህ ወፍ የሚቆጥር፣ ጦጣ የሚያጠና፣ የዱር ቡና ፍለጋ የሚንከራተት እንግዳ አልጠፋም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ናቡ የተባለው የጀርመኖች ድርጅት እዚሁ ደን ውስጥ አንበሳ ፎቶ አነሣሁ አለና ወሬው በዓለም ተናኘ። ጎረቤቴ እማማ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አንበሳ ዶሮ ይበላል እንዴ?» ከበሬና ከአሳማ ወርዶ የእርስዎን ዶሮ አያሳድድም አልኳቸው። «እንግዲያው ይኑር» አሉ።

እኔ ቤት ያለው አውራ «ሊቀመንበር» ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ናት። ንግግር ያበዛል፣ ከወንበሩም አይነሣም ባይ ናት። ጣጣው የመጣው ከዘሩ ነው። ጓሮው ውስጥ ያሉት ቄቦች ሁሉ ልጆቹ፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጆቹ ሆነው ቁጭ አሉ። ዘር እንዲህ ሲደጋገም እንቁላሉ ታቅፎም አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለውም ጫጩት ይቀጭጫል። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ «አውራ ለውጥ» ብሎኝ ሲሄድ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ ይታረድ አለች። ልጆቹ አለቀሱ። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት የአገራችንን ልማድ የተከተለ ነው፤ ነባሩ ሳይነሣ አዲስ ይሾም።

ይህ ድርድር በእኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጅማና የዓለማያ የግብርና ኮሌጆች ኋይት ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች አስመጡ። ኋላም የፈረንጁ አውራ ለገበሬው ይታደል፣ የአገሩ አውራ ይወገድ ተባለ። ገበሬው የፈረንጁን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለ፤ የራሱን ግን አላስወገደም። እኔ በገበሬው አልፈርድም። ነጭ ሌግሆርን በእንሰትና በቡና መሃል ሲንጎራደድ ለጭልፊት የቀረበ ገበታ ነው። ገብስማው የአበሻ ዶሮ ግን ቅጠል ሥር ከተጋደመ ባለቤቱም አያገኘው።

እናም ከገበያ አንድ ገብስማ አውራ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይሄን እንኳን ሸለምጥማጥ ነብር አይደፍረውም» አለኝ። እግሩ በገመድ ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠለ ዶሮ ነብር ይገጥማል ማለት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው፤ ዋጋውን የጠራው ግን በነብሩ ልክ ነበር።

ገበያ የዋለ ዶሮ በዚያው ዕለት ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። ፈንግል የሚባለው በሽታ ጤነኛ በሚመስል ዶሮ ተሸሽጎ ይገባና ጓሮውን በሳምንት ባዶ ያደርገዋል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚሰጥ፣ ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት ግን አለው። ስለዚህ እንግዳው ክትባቱን ተከትቦ፣ ከቤቱ ማዶ ለብቻው ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ውኃውም ጥሬውም የብቻው። እማማ በአጥር ብቅ ብለው አዩትና «ምነው፣ ኮሮና ነው እንዴ?» አሉ። ልጆቹ በዚህ መሃል «አዲሱ» ብለው ስም አወጡለት።

የዶሮ ማኅበር ደረጃ ያለው ነው። ነገሩን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት አድጎ ያየውን በ1921 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉንም፣ የመጨረሻዋ ምስኪን ማንንም። አዲስ ሰው ሲገባ ይህ ሁሉ ሒሳብ እንደገና ይሠራል። መጀመሪያ በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ስድቡ በሽቦ ማዶ ካለቀ ለዱላው ጉልበት አይተርፍም።

ሽቦው የተነሣ ዕለት ቡናችንን ይዘን ተቀመጥን። ሁለቱ አውራዎች የአንገታቸውን ላባ አቁመው፣ ጎንበስ ብለው ተፋጠጡ። አንዱ ራሱን ቀና ሲያደርግ ሌላውም ቀና፣ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላውም ዝቅ። ከዚያ በድንገት ሁለቱም መሬት መልቀም ያዙ። ፊታቸው አንዲት ፍሬ ጥሬ የለም። ጠብ ፈልገው የመጡ ሳይሆን ምሳ ላይ የተገናኙ ለመምሰል ባዶ አፈር ይለቅማሉ፤ በጎን ዓይናቸው ግን ይተያያሉ። ይህን ትርኢት በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀጥለው ዘለሉ፣ በእግር ተማቱ፣ ላባ በነነ። አዲሱ ተሸንፎ እንሰቱ ሥር ገባ። እዚህ ላይ ሰው መሃል ገብቶ ባይገላግል ይሻላል፤ ደም እስካልፈሰሰ ድረስ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። የሚያስፈልገው ተሸናፊ የሚሸሽበት ቦታ ነው።

ክልላችን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ማዕከልነቱን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ አካፍሎ ተስማምቷል። አራት ከተማ ከተስማማ ሁለት ዶሮ ምን ይሳነዋል ብዬ እኔም ጓሮውን በዚሁ አርአያ አደራጀሁት፤ ጥሬው በሁለት ጥግ፣ ውኃው በሁለት ጥግ። ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ ዐሥር እንስት ስለሚመከርም ጥቂት ቄቦች ጨመርኩ፤ እንስት ስታንስ ጠቡም ይከራል፣ የእንስቶቹም ጀርባ ይመለጣል። እማማ ደግሞ የራሳቸውን ምክር ጨመሩ፦ «ሲመሽ ቆጥ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው። ጠዋት ሲነሡ ድሮም አብረው ያደሩ ይመስላቸዋል።» በጨለማ የተሾመን ማን ይቃወማል?

የጃፓን ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ አውራ ነው፤ የበታቾቹ በየደረጃቸው ይከተላሉ። ስለዚህ ከአልጋዬ ሳልወርድ የጓሮውን ፖለቲካ እሰማለሁ። ሊቀመንበር ይጮኻል፣ አዲሱ ይከተላል፤ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ እየሳበች «ስብሰባው ተከፈተ» ትላለች።

እንደ እኔ ግን የአውራ መለኪያው ጠቡም የንጋት ጩኸቱም አይደለም። አውራ ዶሮ ለሰማይ ጠላት አንድ ድምፅ፣ ለምድር ጠላት ሌላ ድምፅ አለው። ለጭልፊት ቀጭንና የተሳበ፣ ለውሻ ደግሞ የተቆራረጠ ካካታ ያሰማል። እንስቶቹም ያውቁታል፤ በመጀመሪያው ተጎንብሰው ቅጠል ሥር ይሮጣሉ፣ በሁለተኛው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቃኛሉ። ይህንኑ ያጠኑ ሰዎች ሌላም ነገር ደርሰውበታል፤ አውራው አጠገቡ የሚሰማው ዶሮ ከሌለ ጭልፊት ቢያይም እምብዛም አይጮኽም። ጀግንነትም ተመልካች ይሻል። አንድ ቀን ጭልፊት ከቤታችን በላይ ሲዞር ቀድሞ ያየው አዲሱ ነበር። ያችን ቀጭን ድምፅ ሲለቃት ጓሮው ባዶ ሆነ፤ ሊቀመንበር ራሱ ክብሩን ጥሎ ቡና ሥር ተወሸቀ። ከዚያ ወዲህ ቄቦቹ ጭረው ሲበሉ ከአዲሱ አይርቁም።

ይህ ሁሉ ግን የቀን ወሬ ነው። ዶሮ ጨለማ ውስጥ አያይም፤ አውራም ቢሆን ቆጡ ላይ ተቀምጦ ከመበላት በቀር የሚያውቀው የለም። ሸለምጥማጥ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ በተለይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኛ አገር ደግሞ የማይደበድብበት ወር ጥቂት ነው። ጭንቅላቱ ባለፈበት ሁሉ ገላው ያልፋል። ከገባም አንዷን በልቶ አይሄድም፤ ያገኘውን ሁሉ አንገት አንገቱን ነው። ጥርኝም አለ። የከፋ ሰው ጥርኝን በጎጆ አስሮ፣ ሥጋ እያበላ፣ ዝባዱን ጠርጎ በቀንድ አሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ዝባዱ ባሕር ተሻግሮ የፈረንሳይ ሽቶ ውስጥ ይገባ ነበር። ጫካ የቀረው ጥርኝ ሒሳቡን ከጓሯችን ያወራርዳል።

እማማ ዶሮዎቻቸውን ከራሳቸው ጋር እቤት ያሳድራሉ። ሽታውስ ብላቸው፣ «ሸለምጥማጥ ከሚበላቸው እኔን ይሽተተኝ» አሉኝ። ይህን የማይችል ሰው ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ያቁም፣ ወለሉን በቀርከሃ ያጠጋጋ። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያግድም። ቤቱ መሬት ላይ ያረፈ ከሆነም፣ ዙሪያውን የሚጭር አውሬ እንዳይቆፍር ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሽቦ መሬት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀበር። በሩ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ፤ ዜና ካለቀ በኋላ አይደለም።

ለፋሲካም ሆነ ለዘር አውራ ልትገዙ ገበያ የምትወጡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መሸጫው ጎራ በሉ። ጣት የማያሳልፍ ሽቦና አንድ ጠንካራ መቀርቀሪያ ግዙ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ፣ አውራው ለሚቀጥለው ገበያ ይቆይ።