ደልዳላ ቦታ ላይ አቁም

የመኪናዬ መጽሐፍ የካምቢዮ ዘይት አለካክን ሲያስተምር «በመጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁም» ብሎ ይነሣል። ይህን የጻፈ ሰው ደብረ ታቦርን አላያትም። እኛ ዘንድ ደልዳላ ነገር ቢኖር ምጣድ ነው፤ እሱም ጉልቻው ከተስተካከለ።

አሮጌ ኮሮላ አለችኝ፤ አውቶማቲክ። ጎረቤቴ ጋሼ ዕድሜያቸውን ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር ናቸውና እስከ ዛሬ «መኪና» ብለው ጠርተዋት አያውቁም። «ፍሪሲዮን የሌለው ነገር ምኑ ይነዳል? ተቀምጦ መሄድ ነው እንጂ!» ይላሉ። ሰሞኑን ደግሞ ከፒ ወደ ዲ ሳስገባት ስሙ እንደተጠራ ሰነፍ ተማሪ ቆይታ ነበር አቤት የምትለው። ዘይቱን ባየው፣ ቀይ መሆን የሚገባው ጠቁሮ፣ ቁሌት ያረረበት ቤት ይሸታል። እኔው ራሴ እቀይረዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ማፍሰሱ ቀላል ነው። ቡሎኑን ፈታሁ፤ በልብስ ሳፋ ተቀበልኩ። (ባለቤቴ የሳፋውን ነገር ያወቀችው በማግስቱ ነው፤ እሱን እንለፈው።) ታዲያ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም። ከግማሽ የሚበልጠው ቶርክ ኮንቨርተር በሚሉት ድስት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ መላው የወጣውን ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ላስቲኮች ውስጥ ገልብጬ አጥሩ ሥር ደረደርኩና እጄን ልታጠብ ገባሁ።

ስወጣ ላስቲኮቹ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ የነበረ ዘይት አላዩም?»

«ያ የተቃጠለው? ለበሬ ማጠፊያ ወሰድኩት። ሲጮህ ሌሊት ሙሉ አያስተኛኝም።»

«ሙሉ ነበር ወይስ ጎደሎ?»

«ልጄ፣ እኔ ዘይት ወሰድኩ እንጂ መች ሰፈርኩ!»

ባለቤቴ ሙሉ ነበር አለች። የማዶው ቤት ጎረምሳ ግማሽ ነው ብሎ ማለ። እኔ ለጎረምሳው አደላሁ፤ የሰውን ነገር ሳያረጋግጥ የሚምል ልጅ አይመስለኝም ነበር። የሃይላንድ ላስቲክ ቂጡን ቆርጬ፣ አፉን በመለኪያው ቱቦ ላይ ሰክቼ፣ ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ጨመርኩ። ከዚህ በኋላ የሚፈርደው መለኪያው ነው።

መለኪያው ግን እንዲሁ አይናገርም። ቀዝቃዛና ሙቅ የሚል ሁለት ምልክት አለበት፤ የሚታመነው የሙቁ ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ያብጣልና። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ መድረስ አለበት። በደጋ ጠዋት፣ 2,700 ሜትር ላይ፣ የሻይ ውሃችን እንኳ 91 ገደማ ላይ በሚፈላበት አገር፣ ቆማ የምታጉረመርም መኪና መቼ ሞቃ ልትለካ ነው? ከሞቀችም በኋላ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ረግጦ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አድርሶ መመለስ አለ። እዚህ ላይ ጎረምሳው «ሞተሩ መጥፋት አለበት!» ብሎ ጮኸ። የአጎቱ መኪና ሆንዳ ናት፤ ሆንዳ እውነትም አጥፍተህ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ሳታልፍ ለካ ይላል። ቶዮታ ደግሞ እንዳታጠፋ። ሁለት ጃፓኖች ያልተስማሙበትን እኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ልንጨርሰው ሞከርን።

ግቢያችን ዳገት ነው። አፍንጫዋን ወደ ጉና ሳዞራት ዘይቱ ከምልክቱ በላይ፤ ወደ ጣና ሳዞራት ከምልክቱ በታች። መለኪያውም ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ረጥቦ በሌላው ይደርቃል፤ ሰምና ወርቅ ነው። (ወርቁ ዝቅ ያለው ነው።) የምጠርግበት ብጣሽ የአሮጌ ነጠላ ነበርና ክሩ እየተላቀቀ መለኪያው ላይ ጢም አበቀለ። ክር ካምቢዮ ውስጥ ከገባ ቀጫጭን የዘይት መንገዶቹን ይዘጋል።

ልተወውም አልችል። ከበዛ ማርሾቹ እየናጡት እንደ ጠላ አረፋ ያወጣል፤ ካነሰ ደግሞ ፓምፑ አየር ይምጋል። ያም ሆነ ይህ አረፋ ማርሽ አይዝም።

ጋሼ ሲያዩኝ ቆይተው «ቴዎድሮስም በዚሁ አገር ነው የተቸገሩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋፋት ከእኛ ቅርብ ነው። ሴባስቶፖልን እዚያ አስቀልጠው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚከብደውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ደልዳላ ስላልነበረ ደልዳላውን እያበጁ ሄዱ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። እኔ ለግማሽ ሊትር ያን ያህል አልሄድም፤ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ አለልኝ።

ቁልቁል ወደ ወረታ ነዳሁ። 42 ኪሎ ሜትር፤ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል መውረድ። አለምበርን አልፌ ፎገራ ሜዳ ስገባ ዘይቱ ሞቋል፤ መሬቱም ተንጣሏል። ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎች አጠገብ ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሞተሩን አላጠፋሁም። መለኪያውን ጠርጌ፣ መልሼ፣ መዘዝኩት። አንድ እረኛ ልጅ ከላሞቹ ተለይቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ታማለች?»

«እየለካኋት ነው።»

በጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ቀይ ጠብታ አየ። «ደሟን ነው?»

ደሟ ከምልክቱ በታች ነበር። ግማሽ ሊትሩን በቀስታ ጨመርኩ። የቱቦውን ግድግዳ የያዘው ዘይት እስኪወርድ ጠበቅሁ፤ ያኔ የቸኮለ የሌለውን ሞልቶ ያያል። ደግሜ ስለካ ሙቁ ምልክት መካከል ላይ ዐረፈ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ሙሉ ነበረች።»

«አላልኩህም! የማን ልጅ ሲምል ነው የምታምነው?»

ማታ ስመለስ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከፈቱት፤ ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት። ድምፅ የለም።

«ጥሩ ዘይት ነው» አሉኝ። «መቼ ነው ደግሞ የምትቀይረው? የጓሮው በር ቀርቷል።»