በከብት አገር ቆዳ ጫማ ፍለጋ

ጫማ መግዛት መከራ ሆኗል። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ሸራ ወጥረው መሬት ላይ ከሚደረድሩት ጀምሮ የመስታወት በር እስካላቸው ሱቆች ድረስ ቢዞሩ የሚሰሙት አንድ ቃል ነው፤ «ንጹህ ቆዳ!» ርካሹም ቆዳ፣ ውዱም ቆዳ። የሚያብረቀርቀውም ቆዳ፣ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀረውም ቆዳ። ቡሬም ቢወርዱ ያው ነው፤ ሻጩ ይለወጣል እንጂ ቃሉ አይለወጥም። የሁሉም ስም አንድ ሲሆን ዕድሜያቸው ግን ለየቅል ነው፤ ማንነታቸው የሚታወቀው ሐምሌ ሲገባ ነው። ያኔ ደግሞ ብሩም ሻጩም የሉም።

ሻጭ ሲጠረጠር የሚያቀርበው ምስክር ክብሪት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎን ይንሳኝ፣ በዓይንዎ ይዩት!» ይልና ጭሮ ከጫማው ጎን ያስጠጋዋል። እሳቱ ለቅጽበት ይልሰውና ይጠፋል። ሻጩ ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ጠርጎ «ላስቲክ ቢሆን አይቀልጥም ነበር?» ሲል፣ ዙሪያውን ከቦ የቆመው ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። እንዲህ ለዓይን አፍታ ብልጭ ያለ እሳት የሚመሰክረው ነገር የለም። የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። ጥንካሬው ያለው በላይኛው ገጽ ላይ ነው። የታችኛው ልል ነው፤ እሱ ላይ ፕላስቲክ ይለበጥበትና ጫማ ይሆናል፤ ስሙም ያው ቆዳ ነው። ውሸት ነው እንዳይባል ከከብት ወጥቷል፤ እውነት ነው እንዳይባል እግራችን የሚያየው ሌላ ነው። የሚያዋጣው የተቆረጠውን ጠርዝ ማየት ነበር፤ ከሥሩ የጨርቅ ክር ከታየ ሰው ሠራሽ ነው፣ የተጠላለፈ ጭረት ከታየ ቆዳ ነው። ጠርዙ ግን ታጥፎ ተሰፍቷል። ፈልቅቄ ልየው ቢሉ ደግሞ ጠቡ ሌላ ነው።

ሰው ሠራሽ ሁሉ ይጥፋ አልልም። ክረምት ላይ ከቡሬ ወጣ ሲሉ ቀዩ ጭቃ እግር ውጦ ሲያስቀር ከላስቲክ ቡትስ የተሻለ ነገር የለም። ለእርሻ ቆዳ ጫማ አድርጎ የሚወጣ ካለ ወይ ሙሽራ ነው ወይ እንግዳ። ኮንጎ ጫማም ሆነ ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ስንቱን ገበሬ ዳገት አውጥቶ ቁልቁለት አውርዷል፤ ቆዳ ነኝ ብሎ ግን አያውቅም። እሮሮዬ ቆዳ መስሎ በሚመጣው ላይ ነው። እሱ ጨርቅ ላይ የተቀባ ፖሊዩሬቴን ወይም ፒቪሲ ነው። አየር ስለማያሳልፍ እግር ውስጡ ተቀቅሎ ይውላል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማችንን ስናወልቅ ዘመድ ከዘመዱ ይተፋፈራል። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሊስትሮው ቀለም ቢቀባው አይጠጣም፤ ላዩ ላይ ተንሳፎ ሱሪያችንን ያጠቁራል።

ሶሉስ? ብዙዎቻችን ጫማ ካልተለበሰ አያረጅም ብለን ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት እያልን በካርቶኑ እናኖራለን። የፖሊዩሬቴን ሶል ግን እርጥበት ባለበት ተቀምጦም ከውስጥ እየፈረሰ ይሄዳል። በዓሉ ደርሶ ሲወጣ ላዩ አዲስ ነው፣ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ሶሉ ይፈረፈራል። ተሸክመው ጫማ ሰፊ ዘንድ ይሄዳሉ። እሱም አገላብጦ ያያል፣ በወስፌው ወጋ ያደርገዋል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ማስቲሽ ቢነካው አይዝም፣ ልስፋው ብልም ክር የሚሸከም ሥጋ የለውም አባባ።» ቆዳ ቢሆን ኖሮ ሶል ቀይሮ፣ ተረከዝ መትቶ፣ ደግሞ ሁለት ክረምት ያሻግረው ነበር።

ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ገደማ ከቻይና የመጣው ርካሽ ሰው ሠራሽ ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ፣ በእጃቸው የቆዳ ጫማ የሚሠሩት የመርካቶ ሰዎች ገበያ አጥተው ነበር። መልኩ ያምራል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ማን ይጠላል? እያደር ሸማቹ ዕድሜውን አየና ብዙው ወደ አገር ውስጡ ቆዳ ተመለሰ፤ ሠሪዎቹም መልኩንና ጥራቱን አሻሽለው ጠበቁት። ያኔ ቢያንስ የቱ ቆዳ የቱ ላስቲክ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ላስቲኩም የቆዳን ስምና ዋጋ ይዞ ቁጭ ብሏል።

ወደሚያብረቀርቀው ልምጣ። ጥር ሲገባ፣ ሠርጉ ሲደራ፣ ሙሽራውም ሚዜዎቹም መስታወት የመሰለ ጥቁር ጫማ ካላደረጉ ወግ አይሆንም። የዚህ ጫማ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1819 አሜሪካ ኒዋርክ ከተማ ሴት ቦይደን የተባለ ሰው ይህን የሚያብረቀርቅ ቆዳ ማምረት ሲጀምር ማብረቅረቂያው በተልባ ዘይት የተሠራ ቅብ ነበር። ተልባውም ቆዳውም ያለው ጎጃም ነው፤ ጫማው የሚመጣው ግን ባሕር ተሻግሮ ነው። ዛሬ ቅቡ ፕላስቲክ ሆኗል፤ ደህናው ከሥሩ እውነተኛ ቆዳ አለው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩም ከላዩም ፕላስቲክ ነው። ደህናውም ቢሆን አመለኛ ነው። ተደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው አይጠገንም። ከሌላ ቀለም ጫማ ጋር ተጣብቆ ከከረመ የጎረቤቱን ቀለም ይስባል። የሚፈልገው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ሆኖ ሳለ ሊስትሮው በደግነት ቀለም ይለቀልቀዋል፣ ያን ጊዜ ብርቅርቅታው ይደበዝዛል። ከመናኸሪያ እስከ ድንኳኑ ባለው ጭቃ ደግሞ ገና ቡራኬው ሳይደርስ ሙሽራው ባለጭቃ ነው።

እንግዲህ የቀረው እውነተኛው ቆዳ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከደንበጫ እስከ ቡሬ መንገዱን ግራና ቀኝ ቢያዩ በሬ፣ ላም፣ በግ ነው። አባቶቻችን ቁርበት ላይ ተኝተው፣ እህል በስልቻ ጭነው፣ ቀንበር በጠፍር አስረው፣ ምሳ በአገልግል ቋጥረው ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ ነው ዳዊቱን የዘለቀው። ቆዳ የሚያለፋውን ባለሙያ ግን «ፋቂ» እያልን ስንንቀው ኖርን። ሙያውን አዋርደን ሸቀጡን ስንፈልግ ከየት ይምጣ?

የበዓል ማግስት «ቆዳ! ቆዳ!» እያለ በየበሩ የሚዞር ገዢ ነበር፤ የበግ ቆዳ መቶ ብር የሚጠራበት ዘመንም አልፏል። በኋላ ዋጋው ወረደ፣ ወረደና ገዢው ጠፋ። አሁን የፋሲካ ማግስት ቆዳው ቦይ ውስጥ ተጥሎ የሰፈር ውሻ ይጎትተዋል፣ ሽታው መንደር ያስለቅቃል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጥሬና በከፊል የተሠራ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት፤ ሐሳቡ እዚሁ ተሠርቶ ይውጣ፣ ዋጋ ይጨምር የሚል ነበር። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ኬሚካሉን ከውጭ በዶላር ነው የሚያስመጡት፤ ዶላሩ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። የዓለም ገበያም ወደ ሰው ሠራሽ አዘነበለ። እኛም አለንበት፤ በጉን እከክ እስኪጨርሰው ዝም እንላለን፣ ስንገፍ ቢላዋው ቆዳውን ይበሳሳዋል፣ ጨው ሳንነሰንስበት ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። እንዲህ ሆኖ ከአርሶ አደሩ ደጅ በነፃ የተጣለው ቆዳ ጫማ ሆኖ ሲመለስ ያው አርሶ አደር ዋጋውን ሰምቶ ያፏጫል።

ጫማ ቅንጦት ነው የሚለኝ ካለ ደንበጫን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ ጥናት በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች ውስጥ 3.3 በመቶው በቀይ አፈር ሳቢያ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ እንደያዛቸው አሳይቷል። ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በሽታ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ምክንያቱ ትንኝም እርግማንም ሳይሆን በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው የሚገቡ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች መሆናቸውን አመለከተ። መከላከያውም እግርን በየቀኑ መታጠብና የሚሸፍን ጫማ ማድረግ ነው። ለአንድ ክረምት የማይበቃ ጫማ እዚህ አገር የኪስ ጉዳት ብቻ አይደለም። ጫማው ተቀዶ ሌላ መግዣ የሌለው ሰው ወደ ነጠላ ጫማ ወይም ወደ ባዶ እግሩ ነው የሚመለሰው፤ አፈሩ ደግሞ ያው ቀይ ነው።

መላ የለውም እንዳይባል መላ አለው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ መመሪያ ጫማ ሁሉ ላዩ፣ ገበሩና ሶሉ ከምን እንደተሠራ በሥዕል ወይም በጽሑፍ እንዲያሳይ አስገድደዋል። በሥዕሉ የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ካለው ቆዳ ነው። ቆዳው መሃል ላይ የዳይመንድ ቅርጽ ካለ ቅብ የተለበጠበት ቆዳ ነው። ዳይመንዱ ብቻውን ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ በእኛ ቋንቋ ላስቲክ። እኛ ገበያ የሚመጣ አንዳንድ ጫማም ምላሱ ሥር ይህ ሥዕል አለበት፣ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ምልክቱንም አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም፤ ቢሆንም በጣት የሚያሳዩት ነገር ይዞ መከራከር በክብሪት ከመዳኘት ይሻላል።

ቦይ ውስጥ የወደቀውን ቆዳ አንስቶ ጫማ ማድረግ የፋብሪካ፣ የዶላርና የመንግሥት ነገር ነው፤ እሱን እንጠብቃለን፣ መጠበቅ ለምደናል። የጫማን ስም በትክክል መጥራት ግን ፋብሪካም ዶላርም አይጠይቅም። ላስቲክ ነው በሉን፣ አቅማችን እሱ ስለሆነ ላስቲክ ብለን እንገዛለን። በቆዳ ዋጋ ላስቲክ ማልበሱ ግን ይብቃን።